በማረጥ ዋዜማ ያለች ሴት ስለ ጤንነቷ ልታውቀው የሚገባ ነገር

የሰው ልጅ ሰውነት ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በአንድ ሁኔታ ጸንቶ አይኖርም። ሕፃን ጥርስ ያበቅላል፤ የጐልማሳ ድምፅ ይጐረንናል፤ የሽማግሌ ጠጕር ይሸብታል። በሴት ልጅ ሰውነት ላይ ደግሞ ከእነዚህ ሌላ ሁለት ታላላቅ ለውጦች ይደርሳሉ። አንደኛው የወር አበባ የሚጀምርበት፣ ሁለተኛው የወር አበባ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ለውጥ ጊዜ እናቷ፣ አክስቷ ወይም ታላቅ እኅቷ አጠገቧ ሆና ትመክራታለች። በሁለተኛው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ መካሪ የላትም። በዚያ ዕድሜ እርሷ ራሷ የቤት እመቤት፣ የልጆች እናት፣ ምናልባትም አያት ሆናለችና ሌላውን ትመክራለች እንጂ ትጠይቃለች ተብሎ አይታሰብም። እርሷም ብትሆን «ምን ይሉኝ» ብላ ዝም ትላለች።

ይህ ዝምታ በሁለት በኩል ይጐዳል። በሽታ ያልሆነውን ነገር በሽታ ነው ብላ በከንቱ የምትጨነቅ ሴት አለች። እውነተኛ በሽታ ይዟት ሳለ ደግሞ «የዕድሜ ነገር ነው፣ ያልፋል» በማለት የመዳኛዋን ጊዜ የምታሳልፍ አለች። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ የተናገሩት ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የማረጥ ዋዜማ ምን እንደ ሆነ፣ ምልክቶቹ እንዴት እንደሚያዙ፣ በተለይም የዕድሜው ጠባይ ከበሽታ በምን እንደሚለይ እንገልጻለን።

ማረጥ ምንድን ነው? ዋዜማውስ?

አንዲት ሴት 12 ወር ሙሉ በተከታታይ የወር አበባ ሳታይ ብትቀር፣ ለዚህም ምክንያቱ እርግዝና፣ ማጥባት፣ መድኃኒት ወይም ሌላ ሕመም ካልሆነ፣ አርጣለች ይባላል። ይህም በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይደርሳል። ነገር ግን የወር አበባ በአንድ ቀን ድንገት የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። አስቀድሞ ይዛባል፤ ይርቃል፤ ይቀርባል፤ አንዳንድ ጊዜ ይበዛል። ይህ የመዛባት ዘመን ብዙውን ጊዜ 4 ዓመት ያህል ይቈያል፤ በአንዳንዶች ከዚያ ያጥራል፤ በአንዳንዶችም እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የማረጥ ዋዜማ የምንለው ይህንን ዘመን ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ በሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎቿ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ዘሮችን ይዛ ትወለዳለች። ለአካለ መጠን ስትደርስ የሚቀሩት ከ300,000 እስከ 400,000 ያህል ናቸው። ከዚያም በኋላ በየወሩ እየቀነሱ ሄደው በማረጥ ጊዜ 1,000 ያህል ወይም ከዚያ ያነሱ ብቻ ይገኛሉ። እነዚህ ዕጢዎች እንቁላል ከማውጣት ሌላ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቴሮን የተባሉ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካሉ። ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 የኤስትሮጅንን ሥራ በምርምር ካሳዩ ወዲህ የዚህ ነገር ምሥጢር እየተገለጸ መጥቷል።

የእንቁላሉ ሀብት ሲያልቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን በአንድ ጊዜ አያቆሙም፤ ሥርዐታቸው ግን ይናጋል። በአንጎል ግርጌ ያለችው ታናሽ ዕጢ የእንቁላሉን ዕጢ ለማሠራት ትእዛዟን ታበረታለች። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን አንድ ወር ከልክ በላይ ከፍ ይላል፤ በሌላው ወር ወደ ታች ይወርዳል። እንቁላል ባልወጣበት ወር ደግሞ ፕሮጄስቴሮን በሚገባ አይገኝም። የመስከረም መባቻ ሰማይ አንድ ጊዜ እንደሚጠቍር፣ አንድ ጊዜም እንደሚጠራ ሁሉ፣ የሴቲቱም ሰውነት በዚህ ዘመን እንዲሁ ይለዋወጣል።

ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች

የመጀመሪያው ምልክት የወር አበባ መዛባት ነው። በ28 ቀን ይመጣ የነበረው በ21 ቀን፣ ወይም በ60 ቀን ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ለሁለት ቀን ብቻ ይታያል፤ ሌላ ጊዜ ይበዛል።

ሁለተኛው ድንገተኛ ግለት ነው። ከእሳት አጠገብ ሳትቀመጥ የምድጃ ወላፈን እንደሚመታት ያለ ሙቀት ከደረቷ ተነሥቶ ወደ አንገቷና ወደ ፊቷ ይወጣል። ፊቷ ይቀላል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ልቧም ይመታል። ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ያህል ቈይቶ ሲያልፍ ብርድ ብርድ ይላታል። ይህም የሚሆነው በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቈጣጠረው ክፍል በኤስትሮጅን መለዋወጥ ምክንያት ጥቂቱን ሙቀት እንደ ብዙ ስለሚቈጥረው ነው። ሰውነቷን ለማቀዝቀዝ ሲል የቆዳዋን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ላብም እንዲወጣ ያደርጋል። በአሜሪካ አገር በብዙ ሴቶች ላይ ለዓመታት ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ግለቱ በሚደጋገምባቸው ሴቶች ላይ በመካከለኛ ግምት 7.4 ዓመት ይቈያል። ስለዚህ «ከአንድ ዓመት አለፈኝ» ብላ የምትፈራ ሴት ከሌሎች የተለየች አይደለችም።

ሦስተኛው የእንቅልፍ መታወክ ነው። በሌሊት ላብ የምትነቃ ሴት ሲነጋ ደክማ ትነሣለች። ከዚህም ጋራ ቶሎ መቈጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ መርሳት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል ይመጣሉ።

አራተኛው የብልት መድረቅና በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት፣ በሳልና በሳቅ ጊዜ ሽንት ማምለጥ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከማረጥ በኋላ እየበረቱ ይሄዳሉ እንጂ እንደ ግለቱ በራሳቸው አይጠፉም።

እነዚህ ሁሉ በእያንዳንዷ ሴት ላይ ይደርሳሉ ማለት አይደለም። አንዳንዷ የወር አበባዋ ከመቋረጡ በቀር ምንም ሳይሰማት ታልፋለች። አንዳንዷ ግን ሥራዋንና ትዳሯን እስኪነካ ድረስ ትቸገራለች። የመጀመሪያዋ ጠንካራ፣ ሁለተኛዋ ደካማ ናት ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

በየመንደሩ የእነዚህን ምልክቶች ምክንያት ለዛር፣ ለቡዳ ወይም ለመተት የሚሰጡ ሰዎች አይጠፉም። ሴቲቱ በሃይማኖቷ መጽናናትን ብትፈልግ፣ ብትጸልይ ወይም ጠበል ብትጠመቅ የሚነቅፋት የለም። ነገር ግን ይህ ወደ ሐኪም ከመሄድ የሚከለክላት፣ የታዘዘላትንም መድኃኒት የሚያስጥላት መሆን የለበትም።

ዝም ሊባሉ የማይገባቸው ምልክቶች

ይህ ክፍል በተለይ በጥንቃቄ እንዲነበብ እናሳስባለን።

ስለ ምሳሌ አንዲት የ54 ዓመት እናት እናስብ። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን ጥቂት ደም ታያለች። ጎረቤቶቿም «እሰይ፣ አበባሽ ተመልሶልሻል፤ ገና ልጅ ነሽ» ብለው ይስቃሉ፤ እርሷም አብራ ትስቃለች። ነገር ግን 12 ወር ከተቋረጠ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትሆን፣ የወር አበባ መመለስ ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ጊዜ መነሻው ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የማሕፀን ወይም የማሕፀን በር ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ነው። የማሕፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት ካንሰሮች በብዛቱ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኝ ነው። በጊዜ የተደረሰበት እንደ ሆነ ሊድን የሚችል በመሆኑ፣ ያቺ እናት ጠብታዋን ባየችበት ሳምንት ብትመረመርና ዓመት ቈይታ ብትመረመር ውጤቱ አንድ አይሆንም።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱን ያየች ሴት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ።

1. ካረጠች በኋላ ደም ያየች፤ ወይም ከግንኙነት በኋላ የምትደማ።
2. የወር አበባዋ ከ7 ቀን በላይ የሚቈይባት፣ ከ21 ቀን ባነሰ ጊዜ የሚመላለስባት፣ ወይም የደም ጓል የሚወርዳትና በየሰዓቱ ሞዴስ ወይም ጨርቅ ለመለወጥ የምትገደድ።
3. በሌሊት ከሚያልባት ላብ ጋራ ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየ ሳል፣ ትኩሳት ወይም ክሳት ያለባት። የሌሊት ላብ ሁሉ የማረጥ ምልክት አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳም ሌሊት ሌሊት ያልባል።
4. አንገቷ ላይ እንቅርት ያላት፣ ወይም እየበላች የምትከሳ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥና ልቧ ዘወትር የሚመታ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲበዛም እንደ ማረጥ ያለ ግለት ያመጣል።
5. ደረጃ ስትወጣ ወይም ውሃ ስትቀዳ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ዓይኗና ምላሷ የነጣ። ይህ የደም ማነስ ምልክት ነው።
6. ዕድሜዋ 40 ሳይሞላ የወር አበባዋ የተቋረጠ።
7. ኀዘን የጸናባት፣ መኖር ያስጠላት። ይህ የጠባይ ክፋት ሳይሆን ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

የደም መብዛት ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሴቲቱ በየወሩ ብዙ ደም እየፈሰሳት «ሊቆም ሲል ነው» እያለች ዓመት ብትታገሥ፣ በውስጧ ያለው ብረት ያልቃል፤ ለሥራም ለጸሎትም አቅም ታጣለች። ደሙ ስለማያቋርጥባት ቤተ ክርስቲያን ሳትስም ወይም ሰላቷን ሳትሰግድ ሳምንታት እያለፉባት በልቧ የምታዝን ብዙ ናት። ይህን ለመሸከም የምትገደድበት ምክንያት የለም፤ ደሙን የሚቀንስ መድኃኒት፣ የጐደለውንም የሚተካ የብረት እንክብል አለ።

እርግዝና ገና ይቻላል

ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሲዛባ ከእንግዲህ አንወልድም ብለው የወሊድ መከላከያቸውን ይተዋሉ። ይህ ስሕተት ነው። እንቁላል በየወሩ ባይወጣም አልፎ አልፎ ይወጣልና ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። በዚህ ዕድሜ የሚመጣ እርግዝና ደግሞ ለእናቲቱ የሚያሠጋው ነገር ይበዛል። ስለዚህ ዕድሜዋ ከ50 በታች የሆነ ሴት የመጨረሻውን የወር አበባ ካየች በኋላ 2 ዓመት፣ ከ50 በላይ የሆነች ደግሞ 1 ዓመት እስኪሞላ ድረስ መከላከያውን አታቋርጥ። የደም ግፊት ያለባት ወይም ሲጋራ የምታጨስ ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ሊጐዳት ስለሚችል የትኛው ዓይነት እንደሚስማማት ባለሙያ ትጠይቅ። የወር አበባ ሲቀርም «አረጥሁ» ከማለት በፊት የእርግዝና ምርመራ ማድረግ ብልኅነት ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ከሁሉ አስቀድሞ የወር አበባዋ የመጣበትንና የቆመበትን ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ታድርግ። ራሷ የማትጽፍ ብትሆን ልጇ ትጻፍላት። ይህ ትንሽ ምልክት ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል።

ልብስን በሚመለከት፣ አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ስስ የጥጥ ልብስ ደራርቦ መልበስ ይሻላል፤ ግለቱ ሲመጣ ነጠላውን አውርዶ፣ ሲያልፍ መልሶ መልበስ ይቻላልና። ሌሊትም ከባድ ብርድ ልብስ ከመልበስ ስስ አንሶላና ጋቢ ደርቦ መተኛት፣ የመኝታ ቤቱንም መስኮት ጥቂት መክፈት ይረዳል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ጧት በቀዝቃዛው ጊዜ ብትጋግር፣ የማድቤቱም ጢስ መውጫ ቢኖረው፣ ከግለቱም ከሳሉም ትድናለች። ወይባ የምትሞቅ ሴትም ሙቀቱ ግለቷን የሚያነሣሣባት መሆኑን ካየች ብትተወው ይሻላል።

ትኩስ ቡና፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጠጅና አረቄ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግለት ያስነሣሉ። ሁሉም በሁሉ ላይ አይሠራምና እያንዳንዷ የራሷን ትከታተል። እንቅልፍ የሚነሣት ሴት ግን ከቀትር በኋላ ቡና ባትጠጣ ይበጃታል። ከጎረቤት ጋራ መጨዋወት ራሱ መድኃኒት ነውና፣ ቡናው ቢቀር ጨዋታው አይቅር።

ሲጋራ ማጨስ ማረጥን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያህል ያፋጥናል። ጫትም እንቅልፍን ይነሣል። ሁለቱም ቢወገዱ ይመረጣል።

ስለ ንጽሕና የሚከተሉትን እንመክራለን። ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለወጥ፤ ደሙ ሲበዛ ከዚያም ቀደም ብሎ። ጨርቁ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ እንጂ በኀፍረት ምክንያት እርጥቡን ከአልጋ ሥር አይደበቅ። ብልትን ከውጭ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይበቃል፤ ወደ ውስጥ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ሽቱ ወይም ቅጠል ማግባት የደረቀውን ቆዳ ያቈስላል። ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ በቂ ውሃ መጠጣትና ሽንትን አለማቈየት የሽንት ቧንቧን ከበሽታ ይጠብቃሉ። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ደግሞ ሽንቷን ለማቆም እንደምታደርገው አድርጋ የታችኛውን ጡንቻ ጥቂት ሰከንድ መጨበጥና መልቀቅ በየቀኑ ትለማመድ።

ምግብና አጥንት

ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ይሳሳል። ከማረጥ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ የአጥንት ጥንካሬ እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ አጥንትን ለማጽናት የሚሠራው ሥራ በዋዜማው መጀመር አለበት። በአሜሪካ የጤና መመሪያ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ይታዘዛል። ወተት፣ እርጎና አይብ ካልሲየም ይሰጣሉ። በጾም ወራትም የጤፍ እንጀራ፣ ጎመንና ከነገለፈቱ ያለ ሰሊጥ ይገኛሉና የምትጾም ሴት ከእነዚህ አትራቅ። የጧት ፀሐይ መሞቅ፣ በእግር መሄድና ሸክም የሚያነሣ ሥራ አጥንትን ያጸናሉ።

ደም ለሚበዛባት ሴት ሥጋ፣ ምስርና ባቄላ ብረት ይሰጣሉ። ከእነርሱ ጋራ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ቢበላ ሰውነት ብረቱን በይበልጥ ይቀበለዋል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያግዱት ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ቈይተው ይጠጡ።

ከማረጥ በኋላ የልብ በሽታም እየበዛ ይሄዳል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትንና ስኳርን መለካት ልማድ ይሁን።

ሐኪም የሚሰጠው ሕክምና

በቤት ውስጥ ጥንቃቄ ያልተሻላት ሴት ሕክምና አላት። ግለትንና የሌሊት ላብን ከሁሉ ይልቅ የሚያስታግሠው የሆርሞን ሕክምና ነው። ማሕፀኗ ያለ ሴት ኤስትሮጅንን ብቻዋን አትወስድም፤ የማሕፀኑን ሽፋን ለመጠበቅ ከፕሮጄስቴሮን ዓይነት ጋራ ይሰጣታል።

ይህ ሕክምና አንድ ጊዜ ሲመሰገን፣ አንድ ጊዜ ሲወገዝ ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002) በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረ ጥናት ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ሁለቱን ሆርሞኖች አብረው ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 8 ተጨማሪ ሴቶች በጡት ካንሰር፣ 8 ተጨማሪ ሴቶችም በአንጎል የደም ሥር በሽታ መያዛቸው ታወቀ። በአንጻሩ የዳሌ አጥንት የተሰበረባቸው በ5 አነሱ። ወሬው በዓለም ሁሉ ሲሰማ ብዙ ሴቶች መድኃኒቱን ጣሉ። በኋላ ግን ነገሩ ሲመረመር፣ በጥናቱ የገቡት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደ ነበረ፣ ይኸውም አብዛኞቹ ካረጡ ብዙ ዓመት እንዳለፋቸው ተገነዘቡ። ዛሬ ሐኪሞች የሚስማሙት ዕድሜዋ ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት፣ ምልክቶቹ ቢያስጨንቋት፣ ጥቅሙ ከጕዳቱ እንደሚያመዝን ነው። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም በሥሯ ውስጥ የረጋባት፣ የጉበት በሽታ ያለባት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን አትወስደውም። ስለዚህ ማንም ሴት ከጎረቤቷ ተቀብላ ወይም ከሱቅ ገዝታ በራሷ ፈቃድ አትጀምረው።

ሆርሞን ለማይስማማት ሴት ሌሎች መድኃኒቶችና ከባለሙያ ጋራ የሚደረግ የምክር ሕክምና አሉ። ለብልት መድረቅም በዚያው ስፍራ ብቻ የሚቀባ መድኃኒት አለ።

ለባሎችና ለልጆች

የቤቱ ሰዎች ድርሻ ትንሽ አይደለም። ትናንት ታጋሽ የነበረች እናት ዛሬ በትንሽ ነገር ብትቈጣ፣ ሌሊት ተነሥታ መስኮት ብትከፍት፣ ወይም ከመኝታ ብትርቅ፣ ባሏ «ጠላችኝ» ብሎ አይፍረድባት፤ ልጆቿም አይሣቁባት። ምን እንደሚሰማት በእርጋታ ይጠይቋት። የቤቱን ሥራ ይካፈሏት። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ባሏ አብሯት ቢሄድ የሐኪሙን ምክር ሁለቱም ይሰሙታል።

ያረጠች ሴት ሥራዋን የጨረሰች ሴት አይደለችም። ልጆቿን አድርሳ፣ ብዙ ዐውቃ፣ ምክሯ በሚፈለግበት ዕድሜ ላይ የምትገኝ ናት። ከፊቷም ገና ብዙ ዓመታት አሉ። እነዚያን ዓመታት በጤና እንድትኖራቸው ዋዜማውን ዐውቃ ትለፍ፤ ያወቀችውንም ለታናሽ እኅቷና ለልጇ ትንገር። እርሷ ያጣችውን መካሪ እነርሱ አይጡ።